ማዶ ጨሰ?

ሶዶ ውስጥ ሙያዬን በትክክል የተረዳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የመካኒካል ምህንድስና መምህር ነኝ ስል ሰዉ የተበላሸ መኪናውን ያስታውሳል። የለም፣ የእኔ ትምህርት በቃጠሎና በሙቀት ላይ ነው ብዬ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ እጄን ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ይወስደኛል። በዚህ የተነሳ የማይነድ የላምባ ምድጃ፣ እያሳለ የሚጠፋ ጀነሬተር፣ ውሃውን ትቶ ቤቱን የሚያሞቅ ቦይለር፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለ ገሃነም ሊሰብኩ በተዘጋጁበት ሳምንት የእሳቱ ሙቀት ምን ያህል ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። ነዳጁ ካልታወቀ መገመት ይከብዳል አልኳቸው። ነዳጁማ እንደ አንተ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ነው ብለው ሳቁብኝ። እሑድ ሲሰብኩ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

እናቴ ዘንድ ግን ሙያዬ ግልጽ ነበር። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም "ልጄ የጭስ አስተማሪ ነው" ትላለች። ጭስ እንዳይኖር የማስተምር መሆኔን ላስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። እሷ ደግሞ የሌለ ነገር እንዴት እንደሚያስተምሩ አይገባትም ነበር።

ያደግሁት ከገሱባ ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ በተሰቀለ መንደር ነው። ቤታችን ከሸለቆው ወዲህ ነው። ከታች ወንዝ አለ፣ በጋ ላይ ድንጋይ ረግጠው ይሻገሩታል፣ ክረምት ላይ ግን ሰው ይወስዳል። ከሸለቆው ማዶ፣ ከእኛ ትይዩ፣ የእናቴ ጓደኛ ቤት አለ። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ለዚህ አካባቢ የተዳሩ፣ ማንንም የማያውቁ ልጃገረዶች ነበሩ። እኔ በተወለድኩ ጊዜ እናቴ ታማ ጡቷ ሲደርቅ ያጠባችኝ እሷ ናት። ስለዚህ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ "የማዶዋ እናቴ" ነው የምላት። ልጆቿም እናቴን እንዲሁ ነው የሚሏት። ማዶ የሚባለው እንደ ቆሙበት ቦታ ስለሆነ ሁለቱም ማዶ ነበሩ።

ጠዋት እናቴ እሳት ካነደደች በኋላ ከመካከላችን አንዱን ትጠራና "ማዶ ጨሰ?" ትላለች። ወጥተን እናያለን። በዚያ ዘመን የሁሉም ቤት የሣር ክዳን ነው፣ ጭሱም በክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ነው የሚወጣው። "ጨሰ" እንላለን። ያኔ ቁርስ ይቀርባል። ማዶ እስኪጨስ ጎደሬው ቢበስልም ከድስት አይወጣም። ለእኛ ለልጆቹ ነገሩ ከቁርስ በፊት እንደሚባል ጸሎት ነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሶዶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ምህንድስና ገባሁ። ቃጠሎን ለምን መረጥክ ብለው ሲጠይቁኝ የእናቴ ሳል ነው እላለሁ፣ ያማረ መልስ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ሌላ የመረጠው ተማሪ ስላልነበረ መምህሩ ለብቻዬ ጊዜ ይሰጠኛል ብዬ ነው። የሳሉ ነገር በኋላ ነው የመጣው። ግን ከመጣ ወዲህ አልለቀቀኝም። ለእረፍት ቤት በሄድኩ ቁጥር ማድ ቤት ጎንበስ ብላ ስታስል እሰማታለሁ፣ ሳሉም በየዓመቱ ከደረቷ ጠለቅ እያለ ይሄድ ነበር።

ለዶክትሬት ውጭ አገር ሄድኩና በነበልባል ውስጥ ጥቀርሻ እንዴት እንደሚፈጠር አጠናሁ። ጥቀርሻ ያው የምናውቀው ነው፣ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ እየተንጠለጠለ ወጥ ውስጥ የሚወድቀው። እኔ ዓመታት ሙሉ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ነበልባል እያነደድኩ፣ የነጠረ ጋዝ እየሰጠሁት፣ ጥቀርሻው የት ላይ እንደሚጀምር በመሣሪያ ስመለከት ኖርኩ። ስመለስ እናቴ ምን እንዳጠናሁ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀና ብላ ጣሪያዋን አየችና "ይህ ሁሉ እያለልህ ያን ያህል መንገድ መሄድ ነበረብህ?" አለችኝ። የዶክትሬት ጽሑፌን ስከላከል ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ ይህኛው ይከብድ ነበር።

አገር ቤት ስገባ ሶዶ ማስተማር ጀመርኩ። በማስተምርበት ግቢ በየሕንፃው ግድግዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የቃጠሎ ትምህርት የምሰጠው በዚህ ማስታወቂያ ሥር ቆሜ ነው። አንድ ቀን ለተማሪዎች ሙከራ ከሰልና ማገዶ በጆንያ ይዤ ስገባ የበሩ ጥበቃ አስቆመኝ።

"ፕሮፌሰር፣ ግቢ ውስጥ ሊያበስሉ ነው?"

"ለትምህርት ነው።"

"የምግብ ዝግጅት ትምህርት ተከፈተ እንዴ?"

ያኔ ገና ረዳት ፕሮፌሰር ነበርኩ። "ረዳት" የሚለውን ቃል ግን ሶዶ ውስጥ ለእኔ የጠራው ሰው የለም። ረዳት ማለት የሚኒባሱ ነው። እኔም አላረምኳቸውም።

አንድ በጋ ላይ የእናቴ ሳል እየጸና መጣና ሶዶ አምጥቼ አስመረመርኳት። ሐኪሙ የደረቷን የራጅ ፊልም ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሲጋራ ታጨሳለች ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። በሕይወቷ ነክታ አታውቅም አልኩት። "እንግዲያው ማድ ቤቷን አስተካክልላት፣ በዚህ ጭስ ውስጥ መቀመጥ ካላቆመች ደረቷ አይመለስም" አለኝ። ሙያዬን ስነግረው ግን ፊልሙን አውርዶ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዓለም ላይ ስለ ጥቀርሻ በደንብ ከሚያውቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፣ የእናቴ ሳንባ ደግሞ በጥቀርሻ ተሞልቷል። አፈርኩ፣ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

ለሴሚስተሩ እረፍት አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፤ ለእናቴ ጭስ አልባ ምድጃ መሥራት። እንጨቱ በሚገባ እንዲነድ አየር ከታች የሚገባበት፣ ነበልባሉ በጠበበ ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፍ፣ የተረፈው ጋዝ እዚያው ተቃጥሎ የሚያልቅበት ምድጃ ነው። አካሉን ከጭቃና ከጭድ አበጀሁት። ቱቦውን ሶዶ ላይ አንድ በያጅ ሠራልኝ። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ እሱ ግን ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ እጁ ከብየዳ አፉ ከቀልድ የማያርፍ ሰው ነው። ቱቦውን በሣር ክዳን ውስጥ ባሳልፈው ቤቱን ያያይዘዋልና በግድግዳው በኩል አውጥቼ ወደ ላይ አቆምኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ አነደደችው። ወጥቼ ቱቦውን ከሥር እስከ ጫፍ አየሁት። ምንም አይወጣም። ጫፉ ላይ አየሩ በሙቀት ሲርገበገብ ብቻ ይታያል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቃጠሎ በእንጨት አይቼ አላውቅም። እጄን ኋላዬ አጣምሬ ከቱቦው ሥር ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ማንም ሰው ቢያየኝ ቱቦውን የምጠብቀው ሊመስለው ይችላል። እናቴ ማድ ቤቷ ውስጥ ዓይኗን ሳትጠርግ ተቀምጣለች፣ አንድም ጊዜ አላሳለችም። ደስ ብሏታል ብዬ ስገባ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"ነደደ?" አለችኝ።

"እየነደደ ነው እኮ፣ ድስቱ ፈልቷል።"

"ምኑ ይታወቃል?" አለች።

ፀሐይ ከፍ ሲል ከሸለቆው ለቅሶ ተሰማ። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ከማዶ ቁልቁል እየወረዱ ነው። ወንዶችም ከኋላቸው አሉ። አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እናቴ ድስቱን ከምድጃው አውርዳ፣ ነጠላዋን ታጥቃ "ማን ይሆን?" እያለች ወጣች። ለቅሶው ወደ እኛ በኩል እየመጣ ስለሆነ መንገድ ላይ ልትቀላቀላቸው ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ከፊት ሆና የምታስለቅሰው የማዶዋ እናቴ ነበረች። ድምጿ ተዘግቷል፣ ፊቷ በእንባ ርሷል። ወንዙ አጠገብ ስንደርስ ቀና አለችና እናቴን አየቻት።

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ጸጥ አለ። ከኋላ ያሉት ያላዩት ትንሽ አለቀሱ።

የማዶዋ እናቴ ወደ እናቴ ሄዳ ትከሻዋን ዳበሰቻት። ከዚያ ነጠላዋን ፈታ በነጠላው መታቻት። እየመታቻት "ሳትሞቺ ለምን አታጨሺም?" አለቻት። እናቴ ለራሷ ለቅሶ እየሄደች እንደነበረ ያኔ ነው የገባት። የአልቃሽ ሁሉ ዓይን ከእናቴ ወደ እኔ ዞረ።

ለካ "ማዶ ጨሰ?" ማለት ይህ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በየጠዋቱ የሚተያዩት በጭስ ነው። የታመመች አታነድም፣ የሞተች አታነድም። ጭስ ከወጣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ያን ጠዋት የማዶዋ እናቴ ቆማ ጠበቀች፣ ፀሐይ ወጣ፣ የእናቴ ክዳን ግን አልጨሰም። ደረቷ ታሞ ሶዶ መመላለሷን ሰምታለች። ጎረቤቶቿን ጠርታ ታጠቀች።

የማዶዋ እናቴ እኔ ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ በገበያ አማርኛዋ ካልሆነ አታናግረኝም ነበር። ለፕሮፌሰር በወላይትኛ ማውራት እንደ መናቅ ነው ትላለች።

"እናትህ ሞተ ብዬ ነው የመጣሁት" አለችኝ በአማርኛ። "ያ ምድጃህ ሶዶ ውሰዳት። እዚህ ሰው አስለቀሰች።"

የመጣው ሰው እንዲሁ አይመለስም፣ መብላት አለበት። የእኔ ምድጃ ደግሞ ለአንዲት ባልቴት ድስት የተለካ ነው። እናቴ ትልቁን ድስት አውጥታ አሮጌዎቹን ጉልቻዎች ግቢው ውስጥ ተከለችና በቆሎና ጎመን ጣደች። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር የነደደው። ጭሱ ሸለቆውን ሞላው። ለቀስተኞቹ በሕይወት ያለችው ሟች ያቀረበችላቸውን እየበሉ ሳቁ። እናቴ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ ቆማ እያሳለች ነበር፣ እኔም መሳቅ አልቻልኩም።

የሚቀጥለው የገሱባ ገበያ ቀን ላይ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የፕሮፌሰሩ ምድጃ ሰው ትገድላለች ተባለ። ቀበሌው ሞዴል ቤተሰብ እያለ ይመርጥ የነበረበት ጊዜ ነው፣ ሊቀመንበሩ እናቴን በሞዴልነት ሊያቀርባት አስቦ አንድ ለአምስት የተደራጁትን ሴቶች ይዞ ምድጃውን ሊያሳያቸው መጣ። እናቴ ከጉልቻዋ ጎን ተቀምጣ ተቀበለቻቸው። በምድጃዬ ላይ ዶሮ ተኝታበት ነበር።

ተጣላን። እኔ የሐኪሙን ፊልም አነሳሁ፣ እሷ ማዶን አነሳች። ሞባይል ገዛሁላት። ከሸለቆው ወዲህ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን ጓሮ፣ ከአንዲት የአቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። ለማዶዋ እናቴም ገዛሁላት። ለእኔ ይደውላሉ፣ እርስ በእርስ ግን አይደዋወሉም።

"ለምንድን ነው የማትደውዪላት?" አልኳት እናቴን።

"ምን ልላት?"

"ደህና ነኝ በያት።"

"እሱንማ የታመመም ይለዋል" አለች። "የታመመ ሰው ግን ተነሥቶ እሳት አያነድም።"

ስለዚህ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ችግሩ በግልጽ ሲቀመጥ ይህ ነው፤ ከቤት ውስጥ ምንም ጭስ፣ ከቤት ውጭ ግን በየጠዋቱ ከማዶ የሚታይ ጭስ። ጥቁሩ ጭስ ጥቀርሻ ነው፣ ደረት የሚጎዳው ዋነኛው እሱ ነው። ነጩ ግን አብዛኛው የቅጠል እርጥበትና ቅባት ነው፣ በእንሰቱ አረንጓዴ ላይ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው። ከቱቦው ሥር፣ ከግድግዳው ውጭ፣ መዝጊያ ያላት ትንሽ የብረት ሣጥን አሰብኩ። እናቴ ከምድጃው ጥቂት ፍም በመጫሪያ አውጥታ ሣጥኗ ውስጥ ትጨምራለች፣ ከላዩ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ጣል ታደርጋለች፣ ዘግታ ከነፋሱ ወዲህ ትቆማለች። ጭሱ በቱቦው ወጥቶ ማዶን ሰላም ይላል።

በያጁ ዘንድ ስሄድ የሣጥኗን ሥዕል ገልብጦ አየው፣ እንደገና አቃናው።

"ፕሮፌሰር፣ ባለፈው እንዳይጨስ ብለው አሠሩኝ።"

"አዎ።"

"ይህቺ ደግሞ እንድትጨስ ናት።"

"አዎ።"

"ሦስተኛ ሲመጡ ምን ሊያሠሩኝ ነው?" አለና መነጽሩን አወረደ። "ግድ የለም፣ እኔ በያጅ ነኝ፣ ምን አገባኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ያልተሟላ ቃጠሎን ስዋጋ ኖሬ፣ ሆን ብሎ ያልተሟላ ቃጠሎ የሚያመርት መሣሪያ ነደፍኩ። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ አንድም ቀን ሳይበላሽ የሠራው እሱ ነው። ለመጽሔት አልላክሁትም። ጽሑፎቼ በሌላ ነገር ላይ ነበሩ፣ በእነሱም ማዕረጌ እያደገ ሄዶ የሶዶ ሰው ድሮ የሰጠኝን ስም ግቢው በመጨረሻ ሰጠኝ። ለእናቴ አሁን እውነተኛ ፕሮፌሰር ሆንኩ ስላት "እስከ ዛሬ ምን ነበርክ?" ብላ ደነገጠች።

የእናቴ ሳል ቀነሰ። ድኗል አልልም፣ ሐኪሙም አላለም። ግን ሰላምታ ስትሰጥ በመሃል ሳትቆም መጨረስ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከምድጃዋ ትነሳና ሣጥኗ ጋ ሄዳ ቅጠሏን ትጥላለች። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ማዶ ታያለች። ከማዶ በክዳኑ ውስጥ ጭስ ይነሳል። ቁርስ ይቀርባል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ "ማዶ ጨሰ?" የምትለው ልጅ አልነበራትም፣ ሁላችንም ወጥተናል። ለራሷ ነበር የምትለው።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ደረቷ እንደገና ጸናባትና ሶዶ ሆስፒታል አስተኛኋት። መተንፈስ ይከብዳት ነበር፣ ንግግሯም እየተቆራረጠ ነው። ገና አልጋው ላይ ጋደም ከማለቷ እጄን ያዘችኝ።

"ሂድና አጭስልኝ" አለች።

"እማዬ፣ አሁን አንቺን እንይ።"

"ካልጨሰ ትመጣለች። ወንዙ ሞልቷል። እንደዚያን ቀን ታጥቃ ከወረደች ይወስዳታል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደህና እስክሆን አጭስ። ከዚያ እኔው እነግራታለሁ።"

እህቴን አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ገሱባ፣ ከዚያ በሞተር ብስክሌት ወደ መንደራችን ሄድኩ። ቤቱ ተዘግቷል። ምድጃውን አነደድኩ፣ ፍሙን ሣጥኗ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሌሊት ዝናብ የመታውን የእንሰት ቅጠል ጣልኩበት። ነፋሱ ዞሮ ነበርና ጭሱ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። በጭስ ላይ ዶክትሬት ያለው ሰው በገዛ መሣሪያው ታፍኖ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ አጥሩን ይዞ ሲያስል ማንም ስላላየው ደስ ይለኛል። ሣጥኗን ዘግቼ ቀና ስል ነጩ ጭስ ከቱቦው ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ትንሽ ቆይቶ ማዶም ጨሰ።

እዚያ ድረስ ሄጄ የማዶዋ እናቴን ሳልስም መመለስ ነውር ነው። ደግሞ የሄድኩበትን ምክንያት ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግራት ምን ትሆናለች ብዬ ሰጋሁ። ወንዙን ወደ ላይ ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞሬ ተሻገርኩ። እናቴ ደህና ናት፣ ሥራ ይዛ ነው፣ እኔ ለእረፍት መጥቼ ነው፤ ይህን እየተለማመድኩ ገባሁ። ከቤቱ ጀርባ ምራቷ አጎንብሳ እርጥብ ቅጠል እሳት ላይ ትጥላለች። ስታየኝ ደንግጣ ቆመች።

"ለእናትህ እንዳትነግር" አለችኝ።

የማዶዋ እናቴ ቤት ውስጥ፣ በበሩ በኩል የእኛን ቤት በምታይበት አልጋ ላይ ናት። በልግ ላይ ጭቃ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰብሯል። ከወደቀች ጀምሮ በእግሯ ቆማ አታውቅም። ፊቷ አንሷል። ሰላም ስላት ግንባሬን ይዛ አሸተተችኝ፣ ያን ቀን ያናገረችኝ ደግሞ በወላይትኛ ነበር። በሽታዋ ቀልድ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

"ጭስ ጭስ ትላለህ" አለችኝ።

"እናቴን እያገዝኳት ነበር።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እኔም ደህና ነኝ" አለች። "እንደዚያ ብለህ ንገራት።"

ስመለስ እናቴ ነቅታ ትጠብቀኛለች።

"ጨሰ?"

"ጨሰ።"

"የእሷስ?"

"የእሷም ጨሰ። ሄጄ ስሜያታለሁ፣ ደህና ናት።"

"ቆማ ሳመችህ?"

ስለ ነበልባል ያለ ማስታወሻ ሰዓታት ማውራት የሚችል ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን የእናቴን ብርድ ልብስ ማስተካከል ያዝኩ።

"ተወው" አለች እናቴ። "ጭሱ የምራቷ ነው። እሷ ከፀሐይ በፊት ነው የምትነሳው፣ ምራቷ እንቅልፍ ትወዳለች። ከበልግ ጀምሮ ማዶ የሚጨሰው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው።"

"ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? ለምንስ አጭስ ብለሽ ላክሽኝ?"

"እኔ ካላጨስኩ ትነሳለች" አለች። "ባለችበት ሆና ተነሥታ ትመጣለች። ጭሴን ስታይ ግን ትተኛለች። እኔም ጭሱን እያየሁ ነው የተቀመጥኩት፣ ያለበለዚያ በዚህ ደረቴ አቀበቱን ወጥቼ እዚያ ነበርኩ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እያለቀሰች እንደነበረ ከትከሻዋ አወቅሁ፣ እኔም አለቀስኩ።

ሆስፒታሉ እስኪለቃት ድረስ ማጨሱን አልተውንም። እኔ ክፍል ሲኖረኝ ወንድሜ ይሄዳል። ተማሪዎቼ ጠዋት ጠዋት ጭስ ጭስ የምለው ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እነሱ ሙከራ እየሠራ ነው ብለው ነበር።

የወጣች ዕለት በማለዳ መኪና ተከራይቼ ወሰድኳት። ገሱባን አልፈን ወደ ቤታችን በሚታጠፈው መንገድ ስንደርስ ሹፌሩን ትከሻውን ነካችው። "መጀመሪያ ማዶ" አለች። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ወንድሜና እኔ ደግፈን አወጣናት። በየጥቂት እርምጃው እየቆመች ትተነፍሳለች፣ እንሸከምሽ ብንላት እምቢ አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

የማዶዋ እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ "አንቺ እዚህ ነሽ፣ ማን እያጨሰልሽ ነው?" አለች።

"ዛሬ ማንም" አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዳቸው ስለ ዳሌ፣ አንዳቸው ስለ ደረት፣ የደበቁትን ሁሉ እየተናገሩ ነበር። እኔ እዚያ ቦታ አልነበረኝምና ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ ምራቷ እንደ ልማዷ እርጥብ ቅጠል ይዛ እሳቱ አጠገብ ቆማለች። ከሸለቆው ወዲያ፣ ከእናቴ ቱቦ፣ ምንም አይወጣም።

"ዛሬ ይቅር" አልኳት።